ዝም ካለ ደርሶታል

የሺዋስ የእማማ አስካለችን ሞት የሰማው ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው። የደወለለት በቀለ ነበር፤ የሟቿ የበኩር ልጅ፣ የሥራ ባልደረባው የእምነት ታላቅ ወንድም። በቀለ ከአዳማ ሲደውል ስልክ የማያስፈልገው እስኪመስል ድረስ ነው የሚጮኸው። ያን ጠዋት ግን ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

“የሺዋስ፣ አጠገብህ ሰው አለ?”

“ታክሲ እየጠበቅሁ ነው። ምነው ጋሼ በቀለ?”

“እማዬ አረፈች። ሊነጋጋ ሲል።”

የሺዋስ ከሰልፉ ወጣ። ከኋላው የነበሩት ሰዎች ጊዜ ሳያጠፉ ቦታውን ሞሉት። ባለፈው ፋሲካ እማማ አስካለች ቤት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ‘አንተ ልጅ፣ ጉንጭህ የት ሄደ?’ ተብሎ፣ በፌስታል የታሰረ ድፎ ዳቦ ተሸክሞ ነው የተመለሰው።

“እምነት ሰምታለች?”

“አልሰማችም፤ እንዳትሰማም። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ማታ አጎቶቿን ይዤ እመጣለሁ፤ ንጋት ላይ በወጉ እናረዳታለን። ያ ፈተና የምትሉት ነገር ዛሬ አይደለም እንዴ?”

“ዛሬ ከሰዓት ነው።”

“እንግዲያው እሱን ትጨርስ። እማዬም ብትሆን ይኼንኑ ነበር የምትለው። የሺዋስ፣ አደራ! ከማንም አፍ እንዳትሰማ። በስልክ እንዳትሰማ። አደራህን።”

“እሺ ጋሼ።”

እሺ ማለትማ ምን ያስቸግራል! መርዶ ግን እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝ እጅና የሚያስደግፍ ትከሻ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። መንገድ ላይ ወይም በስልክ የሰማ ሰው ተፈጥፍጦ ራሱን ይጎዳል፤ ያሰማው አፍ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይወቀሳል። የሺዋስ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ብዙ ነገር ተሸክሞ ያውቃል፤ የሰው እናት ሞት ግን ተሸክሞ አያውቅም። ያውም ቀኑን ሙሉ፣ ከሟቿ ልጅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ።

ቢሮው አቃቂ ነው፤ ከሀይረዲን አባት የብረታ ብረት ሱቅ በላይ። በአገሩ ፈጣን የሚባለውን የኔትዎርክ ዘዴ እንነድፋለን የሚሉ ሦስት ሰዎች የሚሠሩት ቆርቆሮ በተቆረጠ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ ክፍል ውስጥ ነበር። ጊዜው የ2009 ኅዳር ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ሳምንታት አልፈዋል፤ ሰው የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ነው። የሺዋስ በሌላው ቀን መንግሥትን የሚራገምበት ይህ ነገር ያን ዕለት በጀው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፌስቡክ ገና ሳይረፍድ ‘ነፍስ ይማር’ ብሎ ያረዳት ነበር። አሁን ግን ወሬው የሚገባበት አንድ በር ብቻ ቀርቷል፤ የእምነት ስልክ።

ሀይረዲንን ደረጃው ሥር አገኘውና በጆሮው ነገረው። ሀይረዲን የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ የስልጤ ነጋዴ ልጅ፣ በሁለት ቋንቋ የሚከራከር፣ በአንዱም መዋሸት የማይችል።

“ያ አላህ!” አለና አፉን በእጁ ያዘ። “ፈተናውን ላራዝመው?”

“ካራዘምከው ለምን ትላለች። ፈታኙ ኢንጂነር ሮሪሳም አንዴ ከቀሩ ተመልሰው አይመጡም።”

“እኔ እኮ ፊቴ ያስታውቃል፣ የሺ።”

“እንግዲያው ወደ ላይ አትውጣ።”

ሀይረዲን እሺ አለ። ሆኖም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዴ ውሃ፣ አንዴ ብስኩት፣ አንዴ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ማራዘሚያ ገመድ ይዞ ብቅ ከማለት አላረፈም። በመጣ ቁጥርም እምነትን ‘እህቴ’ ይላት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ‘አንቺ ልጅ’ እያላት ኖሮ።

የሺዋስ ሲገባ እምነት ስክሪኗ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ ነው።

“ዘገየህ፣” አለችው ሳትዞር።

“ታክሲ ጠፋ።”

ፊቷን ሳያይ ተቀመጠ። ቢያይ ያስታውቅበት መሰለው።

እዚህ ላይ ሥራቸውን መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የዚያ ቀን ጭንቀት ግማሹ አይገባም። አንድ የካርታ መሥሪያ ቤት ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎች አሉት፤ አንዱ ፎቶ ብቻውን ተራ ኮምፒውተር ያንቃል። ፎቶዎቹን ከአንድ ማዕከል ወደ ሌላው ለማሻገር ውድና ሰፊ ፋይበር ተዘርግቷል። ነገር ግን ችግሩ ከመንገዱ ሳይሆን ከጫኝና አራጋፊው ነው። መረጃውን ቆራርጦ የሚልከው፣ ማዶ ላይም የሚገጣጥመው ክፍል፣ በሙያው ትራንስፖርት ሌየር የሚሉት፣ የተለመደው ዓይነት ሲበዛ ፈሪ ነው። ጥቂት ይልክና ‘ደረሰህ?’ ብሎ ይጠብቃል። አንዲት ቁራጭ መንገድ ላይ ከጠፋች ደግሞ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል። በዚያ ሰፊ ፋይበር ላይ ይህ ማለት ተሳቢ መኪና ተከራይቶ አንዲት ማንኪያ መጫን ነው።

የሺዋስና እምነት የነደፉት አዲስ ዘዴ እንዲህ አይልም። ላኪው ሳያቋርጥ ይልካል። ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ‘ደርሶኛል’ እያለ መንገዱን አያጣብብም፤ የሚናገረው የጎደለው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣው የሺዋስ ነበር። በነጩ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፎታል፤ ዝም ካለ ደርሶታል።

እምነት ይህችን ሕግ ወዳት አታውቅም።

“ተቀባዩ ሞቶ ቢሆንስ?” ብላው ነበር ገና በመጀመሪያው ሰሞን።

“ከሞተማ ሌላ ነገር ነው።”

“ከላኪው ወገን ሲታይ ግን አንድ ነው። ዝምታ ሁለቱንም ይመስላል።”

የእሷ ሐሳብ ሁለቱም በየጥቂቱ ‘አለሁ’ የሚሉባት አንዲት ትንሽ ምልክት እንድትኖር ነው፤ መጨረሻ ላይም ላኪው ‘ጨርሻለሁ፤ ሙሉ ነው?’ ብሎ እንዲጠይቅና መልስ እንዲጠብቅ። የሺዋስ ግን ‘እሱን ከጀመርን ወደ ፈሪው መመለሳችን ነው፤ እያንዳንዷ ጥያቄ ጊዜ ትበላለች’ እያለ ተከራከረ። ትክክል ስለነበረ ሳይሆን ምላሱ ስለሚረዝም አሸነፈ።

ምልክት የምትለውን ነገር ከየት እንዳመጣችውም ያውቃል። ጠዋት ጠዋት እሱ ሻዩን ሲያማስል የእምነት ስልክ አንዴ ይጮህና ይቆማል። መጀመሪያ ጊዜ ‘አንሺው እንጂ’ ሲላት፣ ‘እማዬ ናት፤ ሚስኮል ነው። ነቅቻለሁ፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው፤ ሂሳብ አይቆርጥ፣ ጊዜ አይወስድ’ ብላው ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ለመደውና እንደ ታችኛው ሱቅ የብረት ጩኸት መስማቱን ተወው።

ጠዋት ለልምምድ ፎቶዎቹን ላኩ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰርቨሮች በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ቆመዋል፤ መሃላቸው ላይ ረጅም ፋይበር በትልቅ እንዝርት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፍጥነቱ ያማረ ነበር። ላኪው ‘ተጠናቋል’ አለ፤ ተቀባዩም ምንም ቅሬታ አላሰማም። እምነት የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተችው። የታችኛው ጠርዙ ጥቁር ነበር።

የሺዋስ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።

“የመጨረሻዎቹ ቁራጮች መንገድ ላይ ጠፍተዋል፣” አለች እምነት፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ። “ተቀባዩ መላካቸውንም አያውቅም። ያልሰማውን ነገር እንዴት ጎደለኝ ይበል?”

ሌላ ቀን ቢሆን የሺዋስ ‘ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው’ ብሎ ክርክሩን ይጀምር ነበር። ያን ጠዋት ግን አይኑ ስልኳ ላይ፣ ልቡ አዳማ ነበር። ደግሞስ እናቷ ከሞተች ቀን ካልሞላት ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

“እንደፈለግሽ አድርጊው፣” አላት።

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ዞራ ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ስከራከርህ ኖሬ፣ ዛሬ እንደፈለግሽ?”

“ራሴን አሞኛል።”

“እግዜር ይማርህ፣” አለችና ወደ ስክሪኗ ተመለሰች። የመጨረሻዋን ጥያቄ መጻፍ ጀመረች። ፈተናው ከሰዓት ነው፤ ሳይሞከር የገባ ኮድ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። የሺዋስ ሊያግዛት ፈለገ፤ ግን አንድ መስመር ጽፎ ሦስት ጊዜ ሲሳሳት አየችውና “አንተ ተወው” አለችው። ጣቶቿ ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ስልኳ እዚያው አለ። የሺዋስ ባየው ቁጥር ሊጮህ የተዘጋጀ ይመስለዋል። የአዳማ ዘመድ፣ የሠፈር ሰው፣ የሩቅ አክስት፤ ከነዚህ አንዱ ረስቶ ወይም ሳያውቅ ‘እግዚአብሔር ያጽናሽ’ ቢላት አለቀ። በመጨረሻ አላስቻለውም።

“ስልክሽን አውሺኝ። የእኔ ሂሳብ አልቆበታል።”

ለማን እንደሚደውል አልጠየቀችውም። ሳታየው በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ሰጠችው። ደረጃው ላይ ወጥቶ የደወለ መሰለና ስልኩን ኪሱ ከተተው። መልስልኝም አላለችውም። ይህ ራሱ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር፤ ዳሩ ግን የተሳካለት ሰው ለምን ተሳካልኝ ብሎ አይጠይቅም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አንዴም አልተንቀሳቀሰም። የሺዋስም ኪሱን በዳበሰ ቁጥር እግዚአብሔርን አመሰገነ።

እንዲህ ብሎ ትንሽ ሳይተነፍስ ነው አይኑ በመስኮት ወደ ታች የወደቀው። አንዲት አሮጊት ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው የሆነ ነገር ይጠይቃሉ። የሺዋስ አወቃቸው። ወይዘሮ ወርቅውሃ ናቸው፤ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ሚስት። የእማማ አስካለችን ቤት ጨምሮ፣ የአቃቂና የአዳማ የባቡር ቤተሰብ እንደ አንድ ቤት ነው፤ ወሬ ከጣቢያ ጣቢያ ለመሄድ ኢንተርኔት ጠብቆ አያውቅም። ይህን በር ዘንግቶት ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቀውም።

“ልጅቷ እዚህ ናት አሉኝ፣” ይላሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ። “አስካለችን የመሰለች ሴት... ወይኔ እኅቴ...”

“እማማ፣ አልሰማችም! አልተረዳችም!” የሺዋስ በሹክሹክታ ጮኸ፤ እንዲያ ከተቻለ። “እባክዎ፣ ነገ ንጋት ላይ ነው!”

አሮጊቷ ግን ዋይታውን ከደረታቸው አውጥተውታል፤ ከአፍ የወጣ ዋይታ ደግሞ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። ሀይረዲን ከቆርቆሮ ክምር ጀርባ እጁን እያወናጨፈ ወጣና ለሠራተኛው ጮኸበት።

“ቁረጥ! ቁረጥ ስልህ!”

“ምኑን?”

“ያገኘኸውን!”

መቁረጫው ብረቱ ላይ ጮኸ። የወይዘሮ ወርቅውሃ ለቅሶ በብልጭታና በጩኸት ውስጥ ሰጠመ። ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ ሀይረዲን ትከሻቸውን ደግፎ፣ ወደ ጓሮ ተወሰዱ። በሌላ ቀን ይህ ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ይሆን ነበር። የሺዋስ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ማንም አልነበረም።

ሲመለስ እምነት ቅድም እንደነበረችው ተቀምጣለች።

“ማን ነው?”

“የቆርቆሮ ደንበኛ ነው።”

“እሺ።”

ምሳ ሰዓት ላይ ሀይረዲን ጥብስ ይዞ መጣ። ራሱ ክርስቲያን ሥጋ ቤት ድረስ ሄዶ፣ እሱ የማይበላውን ሥጋ ደህና አድርገው እንዲጠብሱለት በር ላይ ቆሞ አስጠብሶ ነው ያመጣው። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም፤ ከዚያ በኋላ እህል በአፉ መቼ እንደሚዞር አይታወቅም። እምነት ሳህኑን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ሌላ ቀን ግማሹን የምትተው ልጅ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ፣ ቀስ ብላ፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው በላችው።

“ጎበዝ እህቴ፣” አለ ሀይረዲን። ድምፁ ስለተሰበረበት ተንደርድሮ ወረደ።

የካርታ መሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ሮሪሳ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ዘዴውን ሊፈትኑ መጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሲጨብጡም ሲያዩም አይቸኩሉም። እምነት ኮዷን ጨርሳ ያስገባችው እሳቸው ደረጃውን ሲወጡ ነው። አንዴም አልሞከረችውም።

“ጀምሩ፣” አሉ።

ፎቶዎቹ መሄድ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ የፍጥነቱ መስመር ሽቅብ ወጣ፤ ወጥቶም እዚያው ቆመ። አንዱ ባልደረባ ማስታወሻ መጻፉን ትቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። የሺዋስ ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ሁሉን ረስቶ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ በደስታው አፈረ።

ኢንጂነር ሮሪሳ ከስክሪኑ ይልቅ እንዝርቱን ነበር የሚያዩት። ጭነቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሄደው ጎንበስ አሉና፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ የፋይበሩን ጫፍ ነቀሉት።

በየሺዋስ ሕግ ቢሆን ኖሮ ላኪው በዚያች ቅጽበት ‘ተጠናቋል’ ብሎ በኩራት ይዘጋ ነበር፤ ተቀባዩም ዝም፤ ከዚያ ጥቁር ጠርዝ፤ ከዚያ ደህና ዋሉ። የሺዋስ እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን የእምነትን ስልክ ጨምቆ ይዟል። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ‘ሙሉ ነው? መልስ እየተጠበቀ ነው።’

ኢንጂነሩ ገመዱን እንደያዙ ቆዩ። ለየሺዋስ ቆይታቸው የክፉ ምልክት መሰለው።

“አልዋሸም፣” አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ገመዱን መልሰው ሰኩት። ተቀባዩ ወዲያው መለሰ፤ የጎደሉትን ቁራጮች አንድ በአንድ ጠራ፤ ላኪው ላካቸው፤ እንደገና ጠየቀ። ‘ሙሉ ነው’ የሚል መልስ መጣ። እምነት የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተችው። እስከ ጠርዙ ድረስ የአቃቂ ወንዝና ጣሪያዎቹ ነበሩ።

“ይህን መጨረሻ ላይ የሚጠይቀውን ማን አሰበው?” አሉ ኢንጂነሩ።

“እሷ ናት፣” አለ የሺዋስ። “እኔ ተቃውሜ ነበር።”

“ለምን ጨመርሽው? ጊዜ ይወስዳል እኮ።”

እምነት ሰሌዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሕግ አየች።

“ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ኢንጂነር። ወይ ደርሶታል፣ ወይ ጭራሽ አልደረሰውም፣ ወይ ደግሞ ደርሶት መናገር አቅቶታል። ሳይጠይቁ መለየት አይቻልም።”

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ሀይረዲን ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ። ኢንጂነር ሮሪሳ እጇን ጨበጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ውሉን ለመፈራረም ቢሯቸው እንዲመጡ ነገሯቸው። ሁለት ዓመት የለፉበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተፈጸመ። የሺዋስ ግን የሚያስበው ስለ ማታውና ስለ ንጋቱ ብቻ ነበር።

እምነት የምትኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ብቻዋን እንድትሄድ ስላልፈለገ በባጃጅ ሸኛት። መንገዱን ሁሉ ባጃጁ ሲንገጫገጭ ትከሻቸው ይጋጫል። ብሎኩ ጋ ሲደርሱ እጇን ዘረጋች።

“ስልኬ።”

ሰጣት። “ማንም አልደወለም፣” አላት፤ የምሥራች የሚነግራት ያህል።

“አውቃለሁ።”

ደረጃው ላይ ደርሳ ዞረች። “ነገ በጠዋት ትመጣለህ?”

“ለምን?”

“እንዲሁ ነው። ደክሞሃል፤ ሂድና ተኛ።”

የሺዋስ ግን አልተኛም። በነጋታው ገና ሳይነጋ ብሎኩ ሥር ተሰበሰቡ፤ በቀለ፣ ሁለቱ አጎቶች፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ሀይረዲንና እሱ። ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። በቀለ የሺዋስን አቅፎ፣ “አደራህን ጠበቅህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ” አለው። የሺዋስን ይህ ቃል አሞቀው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሰርቆ፣ ውሸት ዋሽቶ፣ በመጨረሻ አደራውን በልቶ አልተገኘም።

ደረጃውን በጣታቸው ጫፍ ወጡ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ፊት ፊት ይሄድ የነበረው አጎት ቆመ።

ሁለቱ ሶፋዎች ኮሪደሩ ላይ ወጥተዋል። ጠረጴዛው በጎኑ ተደግፏል። ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ቦታ እንዲኖር ቤት እንደሚለቀቀው ሁሉ ቤቱ ተለቋል፤ ወለሉ ተጠርጎ ዳር ዳሩን ፍራሽና ምንጣፍ ተነጥፎበታል። በሩ ክፍት ነው። እምነት ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

“ግቡ፣” አለች። “ቆያችሁብኝ።”

የሺዋስ ቀኑን ሙሉ ከሷ የደበቀውን ነገር እሷም ቀኑን ሙሉ ተሸክማው ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ሞት።

“ማን ነገረሽ?” አላት።

“ማንም። ትናንት ጠዋት ስልኬ አልጮኸም።” ጉልበቷ ላይ ያለውን ስልክ ዳበሰችው። “ከፊቴ አስቀምጬው ጠበቅሁ። ተኝታ ይሆናል አልኩ። ከዚያ አንተ መጣህና ፊቴን ሳታይ ተቀመጥክ። እንደፈለግሽ አልከኝ። እማማ ወርቅውሃን በመስኮት አየኋቸው። ሥጋ አበላችሁኝ።”

የሺዋስ እጁ ሳያውቀው ኪሱን ዳበሰ። ቀኑን ሙሉ ‘ተመስገን፣ አልጮኸም’ ሲል የዋለው ለዚያ ስልክ ነው። መርዶውን የያዘው ዝምታ ራሱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ድል ይዞት ዞረ። ሕጉን የጻፈው እሱ ነው፤ ዝም ካለ ደርሶታል። አጠገቡ ዝም ብላ ለዋለችው ልጅ ግን ሕጉ አልታወሰውም።

“ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?” አላት። “አንድ ቃል ብትይኝ...”

“ብጠይቅህ ትመልስልኝ ነበር።” እምነት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። “ማሽኑ እንዲጠይቅ አደረግሁ። እኔ ግን አቃተኝ። ማንም እስካልነገረኝ ድረስ እማዬ ነበረች፣ የሺዋስ። አንድ ቀን ጨመርኩላት።”

ወይዘሮ ወርቅውሃ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በቀለ እኅቱ ፊት ተንበረከከ፤ ሌሊቱን ሲለማመደው ያደረውን ንግግር ጀመረ። “እምነትዬ፣ እማዬን ሰሞኑን ትንሽ አሟት...”

“ጋሼ፣ እሱን ተወው። ንገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ ላለቅስ ሞከርኩ፤ ሰው ሳይነግረኝ አልወጣ አለኝ። በሉ ንገሩኝ።”

በቀለ ወደ አጎቶቹ ዞረ። አጎቶቹ ተያዩ። ወጉ ለእነሱ ነው፤ ቃሉም የእነሱ ነበር። እምነት ግን እነሱን አላየችም፤ የምታየው የሺዋስን ነው፤ መልስ ትጠብቃለች። ዘመድ ያልሆነው፣ ሽማግሌ ያልሆነው የሺዋስ ሄዶ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ። በረዶ ነበር።

“እማማ አስካለች አርፈዋል፣ እምነት። ትናንት ሊነጋጋ ሲል።”

“እሺ፣” አለች።

ከዚያ ጮኸች። ጩኸቷ በክፍቱ በር ወጥቶ ደረጃውን ወረደ፤ የብሎኩ መብራቶች ተራ በተራ በሩ፤ ጎረቤቶችም ነጠላቸውን እየያዙ መውጣት ጀመሩ። የሺዋስ እጇን አልለቀቀም፤ እሱም ከሷ ጋር አለቀሰ።